የሙስሉን ጆንያ ስትመረምሩ ፕላስቲኩንም ቁጠሩልን

ለ፦ የአውሮፓ ኮሚሽን የጤናና የምግብ ደህንነት ዋና ዳይሬክቶሬት፣ ብራስልስ

ግልባጭ፦ ለቤልጅየምና ለኔዘርላንድስ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፤ እንዲሁም አማርኛ ለምታነቡ፣ ሙስል ለምትበሉም ለማትበሉም ሁሉ

ጉዳዩ፦ በዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት ውስጥ የሚጠራቀመው ማይክሮፕላስቲክ በመደበኛው የምግብ ምርመራ ውስጥ እንዲገባ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ነው። የምሠራው ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ጁላይ ገደማ የዜላንድ ሙስል በጆንያ መምጣት ሲጀምር ሥራችን ይበዛል። ጺሙን፣ ማለትም የሚጣበቅበትን ክር፣ እንነቅላለን፤ የተሰበረውንና ነክተነው አልዘጋ ያለውን እንጥላለን፤ የቀረው ከሽንኩርትና ከሴለሪ ጋር ድስት ውስጥ ይገባል።

ሙስል ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር የለብኝም። ለአገሬ ሰዎች ግን ትንሽ ልበል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ብርቱካናማ ሥጋ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ቤልጅየሞች ከድንች ጥብስ ጋር ይበሉታል። ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ ያህል ከነዛጎሉ በድስት ይቀርብለታል፤ ያንን ሁሉ ብቻውን ነው የሚጨርሰው። አብዛኛው የሚመጣው ከጎረቤት ኔዘርላንድስ፣ ከዜላንድ ባሕር ነው። የርሰከ በምትባል ትንሽ ከተማ የሙስል ጨረታ ሁሉ አለ።

የኛ ሰው ግን ባብዛኛው ፊቱን ያዞርበታል። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ በኦርቶዶክሱም ቤት፣ በቤተ እስራኤሉም ቤት አይሞከርም። እኔም አልበላም። ግን አበላለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ ያገባኛል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሙስልና በኦይስተር (እሱም ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ለበስ ነው) ላይ የማይክሮፕላስቲክ ገደብ ዛሬ አውጡ አልላችሁም። ለገደብ የሚበቃ እውቀት ገና የለም። ለኩ ነው የምላችሁ። በአንድ ዓይነት ዘዴ፣ በየጊዜው፣ ከየባሕሩ ክልል፤ ውጤቱንም ለሁሉም ክፍት አድርጉት። ለምን እንደምል ላስረዳ።

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። ጉዳዩን ወደ ሳይንሱ መድረክ ያወጡት በ2004 የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙስል ውስጥ የሚገባው ከ5 ሚሊሜትር እጅግ ያንሳል። አብዛኛው በዓይን አይታይም።

ሙስል ምግቡን አያድንም። አንድ ቦታ ተጣብቆ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ በስንጥቡ አሳልፎ መልሶ ያስወጣዋል። ትልቅ ሙስል በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ ሊያሳልፍ ይችላል። ስንጥቡ ላይ ያሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች በውኃው ውስጥ ያለውን ይይዛሉ። የተያዘው በንፍጥ መሰል ፈሳሽ ተጠቅልሎ ወደ አፉ ይነዳል። አፉ አጠገብ ደግሞ የሚመርጥ አካል አለ፤ የማይስማማውን ጠቅልሎ ይተፋዋል። ስለዚህ ሙስል ያገኘውን ሁሉ ዝም ብሎ አይውጥም። ችግሩ ፕላስቲኩ ሲደቅ ሲደቅ ሙስሉ የሚመገበው ጥቃቅን የውኃ ተክል፣ የአልጌ፣ መጠን ላይ ይደርሳል። ያኔ ምርጫው ይሳሳታል።

ከተዋጠው አብዛኛው በዓይነ ምድር ይወጣል። ይህን ማለት ያለብኝ «ሙስል የዋጠው ፕላስቲክ ሁሉ እስኪሞት ውስጡ ይቀራል» የሚል ወሬ ስለምሰማ ነው። እንደዚያ አይደለም። ሁሉም ግን አይወጣም። በ2008 ማርክ ብራውንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሙስሎቹን 3 ማይክሮንና 9.6 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ስፋት ያላቸው የፕላስቲክ ቅንጣቶች ባሉበት ውኃ ውስጥ አቆዩአቸው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ የቅንጣቶቹን ትንሽነት ገምቱት። በ3 ቀን ውስጥ ቅንጣቶቹ የአንጀቱን ግድግዳ አልፈው የእንስሳው ደም ውስጥ ተገኙ። ከ48 ቀን በኋላም እዚያው ነበሩ። ከሁለቱ መጠኖች በብዛት ያለፉት ትናንሾቹ ናቸው። በ2012 በወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ ከ80 ማይክሮን ያነሰ የፖሊኢትሊን ዱቄት የቀረበላቸው ሙስሎች ፕላስቲኩን የምግብ መፍጫ እጢያቸው ሴሎች ውስጥ አስገብተውት ተገኘ። በ6 ሰዓት ውስጥ የብግነት ምልክት ታየባቸው።

እንግዲህ መጠራቀም የምንለው ይኸው ነው፤ የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ የሚቀረው። ባሕሩ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ካልቀነሰ ደግሞ መግባቱ አይቆምም።

ዓሣ ስንሠራ ሆድ ዕቃውን አውጥተን እንጥላለን። የሰሜን ባሕር ትንሿ ቡናማ ሽሪምፕ እንኳ ትላጣለች። በ2015 የታተመ የቤልጅየም ጥናት ከመረመራቸው ሽሪምፖች 63 በመቶው ውስጥ ሰው ሠራሽ ክር አግኝቷል፤ ሲላጥ ግን ጥሩ ድርሻው ከቅርፊቱና ከአንጀቱ ጋር ይሄዳል። ሙስልና ኦይስተር ላይ ይህ የለም። ከነአንጀታቸው ነው የሚበሉት። ጠላውን አጥልሎ ማጥለያውን ከነአተላው እንደመብላት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ። ደብዳቤውን እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

በ2014 የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊስቤት ቫን ካውወንበርግና ኮሊን ያንሰን በጀርመን ሰሜን ባሕር የረባ ሙስልና በፈረንሳይ ብሪታኒ የረባ ኦይስተር መረመሩ። በአንድ ግራም የሙስል ሥጋ በአማካይ 0.36 ቅንጣት አገኙ፤ በኦይስተሩ 0.47። እንስሳቱን ለ3 ቀን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲያቆዩአቸው ሙስሉ ወደ 0.24፣ ኦይስተሩ ወደ 0.35 ወረደ። ወረደ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ተነሥተው ዛጎል ለበስ በብዛት በሚበላባቸው የአውሮፓ አገሮች አንድ ሰው በዓመት እስከ 11,000 ቅንጣት ሊውጥ ይችላል ብለው አሰሉ። ጋዜጦች ይህችን 11,000 አንዴ ከያዟት በኋላ ሊለቋት አልቻሉም። ብዙም የማይበላባቸው አገሮች ቁጥር 1,800 እንደሆነ ግን ማን ያስታውሳል?

በ2016 ጣልያን፣ ፓርማ ያለው የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን የራሱን ግምት አወጣ። 225 ግራም የሙስል ሥጋ የበላ ሰው 900 ያህል ቅንጣት፣ በክብደት 7 ማይክሮግራም፣ ሊወስድ ይችላል አለ። ስሌቱ በግራም 4 ቅንጣት ብሎ የሚነሣ ነው። ሆን ብሎ ከፍ ያለውን ቁጥር ነው የወሰደው፤ ያም የመጣው ከቻይና መረጃ ነው።

የጌንቱን 0.36 በ225 ግራም አባዙት። 81 ይመጣል። ፓርማ 900 ይላል። ለአንድ ሳህን ሙስል 11 እጥፍ የሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች ማለት ነው። ደንበኛ «ስንት ፕላስቲክ አለበት?» ብሎ ቢጠይቀኝ የትኛውን ልንገረው?

ባሕሩ የተለያየ ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል። በከፊል ልክ ነው። ከሻንጋይ የዓሣ ገበያ የተገዙ 9 ዓይነት ዛጎል ለበሶች በ2015 በወጣ ጥናት በግራም ከ2.1 እስከ 10.5 ቅንጣት ተገኝቶባቸዋል። በ2018 በታተመ የብሪታንያ ጥናት ከባሕር ዳርቻ የተለቀሙ ሙስሎች ከ0.7 እስከ 2.9 ደረሱ። ከሱፐርማርኬት የተገዙት ደግሞ በሕይወት ያሉት 0.9፣ በፋብሪካ ተሠርተው የታሸጉት 1.4 ሆኑ። ይህ የመጨረሻው በጣም ይገርመኛል። ፋብሪካው በመንገድ ላይ ጨምሮበት ይሆን? ይህን የሚመልሰው መደበኛ ምርመራ ብቻ ነው።

ነገር ግን ልዩነቱ ከባሕሩ ብቻ አይመጣም። ከላብራቶሪውም ይመጣል። ሙስል ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ለመቁጠር መጀመሪያ ሥጋውን ማሟሟት ያስፈልጋል። ጌንቶች ይህን የሠሩት በጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ነው። አሲዱ ሥጋውን ጥርግ ያደርጋል፤ ናይለንንም ግን አብሮ ያሟሟል። የዓሣ መረብና የልብስ ክር ናይለን መሆኑን አስቡት፤ ያ ሁሉ ከቆጠራው ውጭ ሊቀር ይችላል። ሻንጋዮች በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሠሩ። ሌሎች በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሠራሉ። ቀጥሎ ማጣሪያው አለ። ቀዳዳው ሰፋ ካለ ትናንሾቹ ሾልከው ይሄዳሉ፤ እነሱ ደግሞ የአንጀቱን ግድግዳ አልፈው የሚገቡት ናቸው። ከማጣሪያው በኋላ የተገኘው ክር ጥጥ ይሁን ፖሊስተር በዓይን አይለይም፤ በብርሃን ጨረር የሚለይ መሣሪያ ይጠይቃል። መሣሪያው ሳይኖር በማይክሮስኮፕ አይተው የቆጠሩም አሉ። በዚያ ላይ ተመራማሪው የለበሰው ሹራብ አለ። ከእሱ የሚበን ክር ናሙናው ውስጥ ገብቶ «ከሙስል የተገኘ» ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ላብራቶሪዎች የጥጥ ጋዋን የሚያስለብሱትና ባዶ ሳህን አጠገብ አስቀምጠው ከአየር የወደቀውን የሚቀንሱት።

የምቀባጥረው ዘዴ ለማስተማር አይደለም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ግን ተመልከቱ። ለመጠጥ ውኃ ይህን ችግር ፈትታችሁታል! በ2020 የወጣው የመጠጥ ውኃ መመሪያ ኮሚሽኑ የማይክሮፕላስቲክ መለኪያ ዘዴ እንዲያወጣ አዘዘ፤ ኮሚሽኑም በማርች 2024 አወጣ። ትንሽ ዘገየ፣ ግን አወጣ። ለቧንቧ ውኃ የሚሆን ዘዴ ከተገኘ፣ ያንኑ የቆሸሸ ባሕር ቀኑን ሙሉ ለሚያጠልል እንስሳ ለምን አይገኝም?

አሁን ወደ ጆንያው ልምጣ። የመከራከሪያዬ ልብ እዚህ ነው።

በሙስል ላይ ያላችሁ ቁጥጥር ጠንካራ ነው። ይህን የምለው ለማሽሞንሞን አይደለም፤ ኩሽና ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው። ሙስል የሚለቀምበት ባሕር በክልል ተከፋፍሎ ደረጃ ይሰጠዋል። አንደኛ ደረጃ እንዲባል ከናሙናዎቹ 80 በመቶው በ100 ግራም ከ230 ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ማለፍ የለባቸውም፤ የተቀሩትም ከ700 አይበልጡም። በለቀማ ወቅት ለአልጌ መርዝ በመደበኛው በየሳምንቱ ናሙና ይወሰዳል። ሽባ የሚያደርገው መርዝ በኪሎ ከ800 ማይክሮግራም፣ ተቅማጥ የሚያስይዘው ከ160 ካለፈ ክልሉ ይዘጋል። እርሳስ በኪሎ ከ1.5 ሚሊግራም፣ ካድሚየም ከ1 ሚሊግራም አይለፍ ተብሏል። እያንዳንዱ ጆንያ ከየት እንደመጣ የሚናገር መለያ ካርድ አለው። ጆንያው ከተከፈተ በኋላም ካርዱ ቢያንስ ለ60 ቀን ይቀመጣል። አንድ ሰው ቢታመም ከሳህኑ ተነሥታችሁ የተለቀመበት ክልል ድረስ መሄድ ትችላላችሁ።

ይህ ሁሉ ተዘርግቷል። ጀልባው ይወጣል፤ ናሙናው ይነሣል፤ ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ላብራቶሪ ይደርሳል። ከዚያው ናሙና ላይ ጥቂት ሙስሎችን ለይቶ ለፕላስቲክ ማስቀመጥ ምን ያህል ያስቸግራል? ምርመራው ውድና ዘገምተኛ እንደሆነ አውቃለሁ። በየሳምንቱ ይሁን አላልኩም። ፕላስቲክ እንደ አልጌ መርዝ በሳምንት ውስጥ ድንገት አይፈነዳም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከተመረጡ ክልሎች፣ በአንድ ዘዴ ቢሆን ይበቃል። ከ10 ዓመት በኋላ ቢያንስ «ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖረናል።

ስለ ጤና ብዙ አልልም፤ ብዙ የማያወላዳ ነገር የለምና። የፓርማው ባለሥልጣን በ2016 ያለው ከባዱን ግምት ወስዶ እንኳ አንድ ሳህን ሙስል ፒሲቢ ለሚባለው መርዝ ያለንን ተጋላጭነት ከ0.006 በመቶ ባነሰ ብቻ፣ ቢስፌኖል ኤ ለሚባለው ከ2 በመቶ ባነሰ እንደሚጨምር ነው። በ2018 ከስኮትላንድ የወጣ ጥናት ደግሞ የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነገር አገኘ። አንድ የብሪታንያ ነዋሪ ከሙስል በዓመት 123 ቅንጣት ገደማ ይወስዳል። እራቱን ሲበላ ከቤቱ አቧራ ሳህኑ ላይ የሚወድቀው ግን በዓመት ከ13,731 እስከ 68,415 ይገመታል። ማለትም ከሙስሉ ይልቅ ከሶፋውና ከምንጣፉ የሚበንነው ይበልጣል። በ2022 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ከ22 ሰዎች የ17ቱ ደም ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት ማግኘታቸውን ሲያሳውቁ የሙስል በላተኞች ደም ነው አላሉም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፈረንጅ ጓደኛችሁ ሙስል ሲያዝ «ፕላስቲክ ነው የምትበላው» ብላችሁ አታሸማቅቁት። የሶፋችሁን አቧራ ቢያነሣባችሁ መልስ ታጣላችሁ።

ታዲያ ጭንቀቱ ይህን ያህል ካነሰ ለምን ይለካ? አንደኛ፣ ሙስል ከቦታው አይነቃነቅም። ዓሣ ይዋኛል፤ የት በላ አይባልም። ሙስል ውስጥ የተገኘ ፕላስቲክ ግን የዚያ ባሕር ፕላስቲክ ነው። ለእርሳስና ለሌሎች ብክለቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተለያዩ አገሮች የባሕሩን ጤና በሙስል ሲለኩ የኖሩት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የእንስሳቱ የራሳቸው ጤና አለ። በ2016 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኦይስተሮችን በመራቢያ ወቅታቸው ለሁለት ወር 2 እና 6 ማይክሮን ለሆኑ የፖሊስታይሪን ቅንጣቶች አጋልጠው ነበር። የእንቁላላቸው ብዛት በ38 በመቶ ቀነሰ። የወንዴ ዘር ፍጥነት በ23 በመቶ ወረደ። የተገኙት እጮች በ41 በመቶ አነሱ። የሙከራው መጠን ባሕሩ ውስጥ ከተለመደው ከፍ ያለ ነበር፤ ይህ መነገር አለበት። ግን አቅጣጫውን ያሳያል። ባሕሩ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ እያደገ ከሄደ ለአርቢዎቹ ቀልድ አይሆንም።

አርቢዎቹን ካነሣሁ አይቀር፣ ዋናው ተቃውሞ ከእነሱ እንደሚመጣ እገምታለሁ። «ቁጥር ካወጣችሁ ገበያችን ይሞታል» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሙስል ካልተሸጠ እኔም ሥራ የለኝም። ነገር ግን ቁጥሩ እኮ ወጥቷል። 11,000 የሚለው ከ10 ዓመት በላይ እየዞረ ነው። ያልወጣው የየክልሉ ቁጥር ነው። ንጹሕ ባሕር ላይ የሚያረባ ሰው ንጽሕናውን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም። ከቆሸሸው ጋር አንድ ላይ ይታማል። ገመዳቸው ራሱ ከፕላስቲክ የተሠራ አርቢዎች እንዳሉ ደግሞ አልረሳሁም። እነሱም የድርሻቸውን ቢያዩት አይከፋም።

ትልቁ ድርሻ ግን ከየብስ ነው የሚመጣው። የመኪና ጎማ ከአስፋልት ጋር ሲፋተግ የሚረግፈው በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይገባል። ልብስ አለ። በ2016 ፕሊመዝ ላይ በተሠራ ሙከራ 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ አንዴ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ክር ሊለቅ እንደሚችል ታይቷል። ፈረንሳይ በ2020 ባወጣችው ሕግ ከ2025 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የክር ማጣሪያ ይኑረው ብላለች። ሌሎቻችሁስ ምን ትጠብቃላችሁ?

እንክብሉም አለ። የፕላስቲክ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን የሚቀባበሉት ምስር በምታክል እንክብል ነው። አንትወርፕ ወደብ የዚህ ንግድ ትልቅ ማዕከል ነው። ከወደቡ በታች በስኸልት ወንዝ ዳር፣ ኻልኸንስኾር በሚባለው የተፈጥሮ ክልል፣ ሸምበቆው ሥር እንክብል ይታፈሳል። ጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ላይ ኤምኤስሲ ዞኢ የተባለችው መርከብ ከኔዘርላንድስ ደሴቶች በላይ 342 ኮንቴይነር ባሕር ውስጥ ጣለች፤ እንክብልም ከነበረው ጭነት መሐል ነበር። ዲሴምበር 2023 ደግሞ ቶኮናኦ የተባለችው መርከብ ከፖርቱጋል ባሻገር ኮንቴይነሮች ጣለች። አንዱ ውስጥ 25 ኪሎ የሚመዝኑ ከ1,000 በላይ የእንክብል ከረጢቶች ነበሩ። ተንሳፍፎ ተንሳፍፎ የደረሰው ጋሊሲያ ነው፤ በአውሮፓ አንደኛው የሙስል እርባታ ባለበት የስፔን ጠረፍ። እንክብሉ እንዳለ ለሙስል አፍ ትልቅ ነው። ፀሐይና ማዕበል ግን ጊዜ አላቸው፤ ያደቁታል። ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2023 የእንክብል ብክነትን የሚከላከል ሕግ ማቅረቡን አውቃለሁ። ሕጉ መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? ከጋሊሲያና ከዜላንድ የሙስል ቁጥር ካልሰበሰባችሁ በስተቀር ከፋብሪካዎቹ ሪፖርት ሌላ ማስረጃ አይኖራችሁም።

ለአገሬ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳይሬክቶሬቱ ይታገሠኝ። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ሙስልም አታረባም። ከአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ የሚወርደው ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የጣልነው ይዞርና እዚያው አገር ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። በ2020 የታተመ የዝዋይ ሐይቅ ጥናት ከመረመራቸው ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ መዋጣቸውን አሳይቷል። ቆሮሶውን ጠብሰን ስንበላ ሆድ ዕቃውን ስለምንጥል እፎይ እንል ይሆናል። ትንንሽ ዓሣ ከነሆዱ ለሚበላ ሰው ግን ጥያቄው የሙስሉ ዓይነት ነው። በ2025 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን መከልከሉ ጥሩ ነው፤ አተገባበሩን እናያለን። ይህን እዚህ ያነሣሁት አንድም ለዚህ ነው፦ አውሮፓ የሚስማማበት የመለኪያ ዘዴ ቢወጣ የዝዋይ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። የዝዋይን ዓሣና የዜላንድን ሙስል በአንድ ዓይን ማየት ይቻላል።

ጥያቄዬን ልጠቅልል። ለመጠጥ ውኃው እንዳደረጋችሁት ለዛጎል ለበስም አንድ የመለኪያ ዘዴ አውጡ። ዘዴው እስከ ስንት ማይክሮን ድረስ እንደሚቆጥር፣ ናይለንን እንዳያጠፋ፣ የአየሩን ክር እንዴት እንደሚቀንስ በግልጽ ይጻፍ። ሲወጣ በዜላንድ፣ በዋደን ባሕር፣ በብሪታኒና በጋሊሲያ ጀምሩ። የፋብሪካውንም እሽግ ጨምሩበት፤ 1.4 ለምን ከ0.9 እንደበለጠ እንድናውቅ። ውጤቱን ደግሞ ጆንያው ካርድ ላይ ባለው የክልል ስም አውጡት። እኔ ኩሽና ውስጥ ካርዱን አንሥቼ፣ ስልኬ ላይ የክልሉን ስም ጽፌ፣ ቁጥሩን ማየት መቻል አለብኝ።

ወጪው ከባድ ነው ካላችሁ ስንት እንደሆነ ንገሩን። ከፕላስቲክ አምራቾች ይሰብሰብ ወይስ ከሕዝብ ግብር የሚለውን ያኔ እንነጋገርበታለን። የእኔ ሐሳብ አምራቾቹ ይክፈሉ ነው፤ ሙስል አርቢው ግን አይክፈል። ፕላስቲኩን ያመጣው እሱ አይደለም።

የሚቀጥለው የሙስል ወቅት ከመጀመሩ በፊት መልሳችሁን ብትልኩልኝ፣ አማርኛ አንባቢዎቼም እንዲያዩት በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ። «አይቻልም» ብትሉም ከነምክንያቱ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የአንትወርፕ ኩሽና ሠራተኛ